የዘማች ቤት

መስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያስነገሩት የክተት አዋጅ ሁለት ዓይነት ሰው ይጠራል። ጉልበት ያለው ተነሥቶ ይከተላቸዋል፤ ጉልበት ያነሰው ደግሞ ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ሃይማኖቱ ብሎ ከቤቱ ሆኖ ያግዛቸዋል። ሚስትና ልጅ እዚያ አዋጅ ውስጥ በግልጽ ተጠርተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ ነጋሪት ተጎስሟል፣ ብዙ ጊዜም ጦር ተበትኗል። ቤተሰብ በክተቱ ጊዜ ሳይጠራ የቀረበትን አላውቅም። በስንብቱ ጊዜ ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ጠመንጃ ያነገተው ሰው ብቻ ነው።

ወደ ዓድዋ የዘመተው ጦር ብቻውን አልነበረም። ሴቶች ወፍጮና ምጣድ ይዘው፣ እህል በአህያና በጀርባ ጭነው ከኋላ ይከተሉ ነበር። የሚፈጩት፣ የሚጋግሩት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ቁስለኛ የሚያነሡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከጦር ሜዳ ወደ ቤት መመለስ የሚባለው ነገር ዛሬ የምናውቀው አልነበረም፤ ቤቱ ራሱ ዘምቶ ራሱ ይመለሳል። ደመወዝ የለም። ወታደሩ የሚኖረው በማደሪያ ነው፤ እንደ ማዕረጉ መሬት ይሰጠዋል፣ በተለይም በደቡቡ አገር ገባር ይታዘዝለታል። የወታደሩን ጎተራ የሚሞላው የገባሩ ሚስት ጉልበት ነበር፤ ስለ ዘማች ቤተሰብ ሲወራ ይህችኛዋ ሴት ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ማደሪያ ደግሞ የአገልግሎት ዋጋ እንጂ ርስት አይደለም። ባል ሲሞት ልጁ በአባቱ ቦታ ቆሞ ካላገለገለ መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል፣ ባልቴቷም ከነልጆቿ የወንድሞቿን ደጅ ትጠናለች።

ከጣሊያን በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጦሩን ደመወዝተኛ አደረጉት። ለአርበኛው፣ ለስደተኛውና ለወታደሩ ውለታ መክፈያ ተብሎ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት መሬት በጋሻ ይታደል ጀመር፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ወረቀቱን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መሬቱን መርቶ መረከብ ደግሞ ሌላ። አዲስ አበባ ሰው ያለው፣ ጸሐፊ የሚያውቅ፣ ማዕረግ ያለው ቀድሞ ተረከበ። ተራው ወታደር ደጅ ሲጠና ከረመ፤ ብዙ ለም መሬትም በሹማምንትና በመኮንኖች እጅ ገባ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የተላከው የቃኘው ሻለቃ ጦር የተሻለ ዕድል ካገኙት ነው። ከክቡር ዘበኛ የተመለመሉት ወታደሮች በሦስት ተከታታይ ዙር ሲዋጉ 122 ሰው ሞተባቸው፣ አንድም ምርኮኛ አልተያዘባቸውም። የተመለሱት አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ተሰጥቷቸው ከነቤተሰባቸው ሰፈሩ፤ ኮሪያ ሰፈር የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ። በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የኮሪያ ዘማች መባል የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ ዝም የሚያሰኝ ሆነ። በአንዱ መንግሥት ዘመን ያስመሰገነ ዘመቻ በሚቀጥለው መንግሥት ዘመን ሲያሳማ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የጡረታ ሕግ ወጣና ለወታደሩም ለሲቪሉም የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ደብተር የሚባል ነገር መጣ፤ ባልቴትና ልጅም በሕጉ ታወቁ። በታሪካችን የዘማች ሚስት በወረቀት ላይ ስም ያገኘችው ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን ለመብቱ ዓመታት መቁጠር ያስፈልጋል፣ ማስረጃም ማቅረብ ግድ ነው። ወታደሩ ራሱ በሕይወት እያለ እንዴት ይያዝ እንደነበር ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ታየ። የሚጠጣ ውኃና የሚበላ ምግብ ያጡት የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች አምፀው አለቆቻቸውን አሰሩ። ሊያነጋግሯቸው የሄዱትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ዘውዱን የጣለው የአብዮት ዓመት በዚህ ጀመረ።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ስለ ወታደር የተጻፈ አይደለም፤ የኋላውን የወታደር ስንብት ግን ያን ያህል የወሰነ ሌላ ሕግ የለም። አዋጁ የጋሻ መሬቱን ስጦታ ሁሉ አፈረሰው። ቢበዛ 10 ሄክታር ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ አለ፣ መሬት በቅጥረኛ ማሳረስን ከለከለ። ከዚህ ክልከላ ግን መተዳደሪያ የሌላትን ሴት አወጣ፤ ባለመሬቱ ከሞተ፣ ከታመመ ወይም ካረጀም ሚስቱና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ በሰው ማሳረስ ይችላሉ። በየቀበሌው የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር መሬት የሚሰጥ፣ የሚነሣና የሚዳኝ አካል ሆነ። እንግዲህ ገጠር የተወለደ ወታደር ሁሉ፣ ቢርቅም ቢሰነብትም፣ አንድ የሚጠይቀው ማኅበርና አንድ የሚነሣ ጥያቄ ይኖረዋል፤ «የእኔስ ድርሻ?»

ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ ክተቱ መጣ። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ታወጀ። የገበሬው ልጅ ከየአውራጃው እየተጫነ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ በጥቂት ወራት ሠልጥኖም ወደ ኦጋዴንና ወደ ሰሜን ተላከ። «የዘማች ቤተሰብ» የሚለው ቃል የቀበሌ ቃል የሆነው በዚህ ዘመን ነው። የገበሬ ማኅበሩ የዘማቹን መሬት በደቦ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል ተባለ። እንደ ሊቀመንበሩ ጠባይና እንደ ዘመቻው ርዝመት አንዳንዱ ቀበሌ አደረገው፣ አንዳንዱ የራሱን ጨርሶ ዝናቡ ሲያልፍ የዘማቹን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። አባቶቻቸው በጦርነቱ ለወደቁ ልጆች ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ፣ አላጌ ላይ፣ ህፃናት አምባ ተሠራ። መኝታ፣ ትምህርት ቤት፣ እርሻ ያለው የልጆች ከተማ ነበር። እዚያ ያደጉ ሰዎች ዛሬም ሲገናኙ እንደ ወንድምና እህት ነው የሚጠራሩት። የደርግን ነገር ሁሉ በአንድ ቅርጫት የሚጥል ሰው አላጌ ሲደርስ ትንሽ ቆም ማለት ይኖርበታል። ልጁ ግን አምባው ሲገባ እናቱ ከውጭ መቅረቷንም አብሮ ያስብ።

በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወንድ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ተጠባባቂ ይሆናል። በወረቀቱ ላይ የመመለሻው ቀን ተጽፏል። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ግን የሚሰናበት ጠፋ፤ ጦርነቱ አላለቀማ። ኮታ ሲጎድል አፈሳ መጣ። ከገበያ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከኳስ ሜዳ የተያዘ ልጅ ለእናቱ ሳይነግር ይጫናል፤ ወሬው የሚደርሳት ከወራት በኋላ ከማሠልጠኛ በተጻፈ ደብዳቤ ነው፣ እሱም ከደረሰ። በ1966 ዓ.ም. ወደ 45 ሺህ ገደማ የነበረው ጦር በደርግ መጨረሻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠጋ።

የዚህ ጦር ትልቁ ክፍል የነበረው ኤርትራ ውስጥ ነው። ዘመቻው ዓመታት ሲፈጅ ወታደሩ እዚያው ኑሮ መሠረተ። ከመሀል አገር ሚስቱን አስመጣ፤ ወይም እዚያው አገባ። አሥመራ ውስጥ ተወልደው ከሰላምታ በቀር የአባታቸውን አገር የማያውቁ ልጆች አደጉ። መጋቢት 1980 አፍአበት፣ የካቲት 1982 ምፅዋ ወደቁ። ምፅዋ ሲወድቅ ወደቡ ተዘጋ፤ አሥመራ ከዓመት በላይ የኖረችው አውሮፕላን በሚያመላልሰው እህል ነው። ከወታደሩ ሚስቶች በአውሮፕላኑ የወጡ አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ቀሩ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አሥመራ ተያዘች፣ በሰባተኛው ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ ጦሮች አንዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዛዥም፣ ደመወዝም፣ ስምም አልባ ሆነ። በሰሜን ያለው ገሚሱ በከረን አድርጎ ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ አመራ። ገሚሱ በትግራይ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ። በጥምና በድካም በየመንገዱ የወደቀው ብዙ ነው። ቀይ መስቀል በየመንገዱ ውኃና ምግብ አቀረበ፣ መኪናም አዘጋጀ። ከሱዳን የተመለሱትም በኋላ ቀስ በቀስ ወደ አገር ገቡ።

ከወታደሮቹ ጋር፣ ወይም ከእነሱ በኋላ ተባረው፣ ቤተሰቦቻቸው መጡ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ኤርትራ ተወልደው ኢትዮጵያዊ ወታደር ያገቡ ሴቶች ነበሩ፤ አሥመራን ለያዘው አዲስ አስተዳደር የጠላት ሚስት፣ ለሚሄዱበት አገር ደግሞ እንግዳ። ባሏ ከሰላ ይሁን፣ በትግራይ በኩል ይሁን፣ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሁን የማታውቅ ሴት ሁለት ልጅ አዝላና ጎትታ የደረሰችው የባሏን አውራጃ ስም ብቻ ይዛ ነው።

የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም ሰኔ 1983 ላይ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፍጥነቱ የሚደነቅ ነው፣ ይህን ማለት ተገቢ ነው። ግማሽ ሚሊዮን መሣሪያ የለመደ ሰው ሥራ አጥቶ በየመንገዱ ሲንከራተት የሚሆነውን ሌሎች አገሮች አይተውታል፤ ከጥቂት ወራት በፊት የሶማሊያ መንግሥት ፈርሶ ሞቃዲሾ በታጣቂዎች እጅ ወድቃ ነበር። በሬዲዮ ጥሪ ተላለፈ። ወታደሩ በአቅራቢያው ወዳለ ካምፕ እየገባ ተመዘገበ፤ ጦላይን የመሰሉ የራሱ ማሠልጠኛዎች ማጎሪያው ሆኑ። እዚያ ለወራት ፖለቲካ ተማረ፣ ያለፈውን መንግሥት እንዲያወግዝ ተደረገ፣ ተጣራ። መኮንኖቹ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ ከእነሱም ለፍርድ የቀረቡ አሉ። የቀረው መታወቂያውን፣ የመሳፈሪያውንና የራሽን ካርዱን ይዞ ተሰናበተ። ከኦነግ ታጣቂዎችና ቆይቶ ከኢሕአዴግ ራሱ ከተቀነሱት ጋር ሲደመር በጥቂት ዓመታት የተበተነው ሠራዊት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይደርሳል።

ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ወደ ገጠር ገቡ፤ ነገሩ የተሳካውም እዚያ ነው። ኮሚሽኑ ዘር፣ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ ሰጠ፣ ባንዳንድ ቦታ በሬ፣ ለወራት የሚሆን ቀለብም። በኋላ የመጡ የምጣኔ ሀብት አጥኚዎች ወደ ገጠር የተመለሰው ወታደር ኑሮ ከጎረቤቱ ብዙ እንደማይለይ ሲያገኙ ተገረሙ። እኔን ብዙ አያስገርመኝም። ማዳበሪያው ረድቷል፤ ግን ሰውየውን የተቀበለው መሬቱ ነው፣ መሬቱን ያቆየለትም ቤቱ። አባት በልጁ ስም የተመዘገበችውን ጥማድ እየገበረ ኖሯል። ሚስት ለጎረቤት እኩል እያሳረሰች፣ ስብሰባ ሲጠራ በባሏ ቦታ እየተቀመጠች፣ «የዘማች መሬት ነው» እያለች ከሽግሽግ አስጥላዋለች። የ1967ቱ አዋጅ ለባልቴትና ለአቅመ ቢስ የተወው ቀዳዳ ከ16 ዓመት በኋላ የወታደር መመለሻ በር ሆነ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ይህን አስበውት ነበር ብዬ አላምንም።

የተመላሹ አገባብ ግን እንዲህ የተቃና ብቻ አልነበረም። ሞቷል ተብሎ ተዝካሩ የተበላለት ልጅ በነፍሱ ደጃፍ ሲቆም የሚሆነውን ማሰብ ነው። ሚስቱ ስንት ዓመት ጠብቃ፣ እርሙን አውጥታ ሌላ አግብታ ከሆነ የሚዳኙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ከካምፕ በተሰጠው ወረቀት ላይ የለም። ልጁ የማያውቀውን ሰው «አባባ በል» ሲባል ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይገባል። ሌሊት እየባነነ የሚጮኸውን ሰውዬ ቤተሰቡ ጠበል ወሰደው፤ ሌላ ሐኪም አልነበረም።

ከተማ የገባው ግማሽ ዕጣው ከበድ አለ። መሬት የለ፣ የሚያቆየው ማኅበር የለ። አነስተኛ ድጎማ፣ ለጥቂቶች ብድርና የሙያ ሥልጠና፣ ቀድሞ የመንግሥት ሥራ ለነበረው ሰው ደግሞ ወደ ሥራው የመመለስ ዕድል ተሰጠ። ሾፌሩና መካኒኩ ቶሎ ተነሡ። ሌላው የዕድሜውን ግማሽ የተማረው ጠመንጃ ነውና ዘበኛ ሆነ። በዚያን ዓመት አዲስ አበባ የነበረ ሰው አይረሳውም፤ የተቀደደ ካኪ የለበሰ፣ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ካፖርቱን አንጥፎ ተቀምጧል። «የደርግ ወታደር» ስድብ ሆነ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲጠየቁ የአባታቸውን ሥራ «ነጋዴ» ብለው መናገር ተማሩ።

ከአሥመራ የመጡት ሴቶችስ? ለእነሱ ስም ተገኘላቸው፣ «ተፈናቃይ» የሚል፤ የኮሚሽኑ ዋና ሰነድ ስለ ሠራዊት አባላት እንጂ ስለ እነሱ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ በየሜዳው በላስቲክና በቆርቆሮ መጠለያ ተሠራ። ለጊዜው የተባለው መጠለያ ዓመታት ኖረ። ባል የተገኘላት ተከትላ ገጠር ገባች። ያልተገኘላት እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ፣ ጠላ ጠምቃ ልጅ አሳደገች። የሞት ማስረጃ ስለሌላት ባልቴት አይደለችም፣ ባልም የላትም፤ ጡረታ ለመጠየቅ ምን ብላ ትጻፍ?

በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. ያሸነፈውም ወገን ከታጋዮቹ ወደ 22 ሺህ የሚሆኑትን ቀነሰ። ከእነሱ ብዙ ሴቶች ነበሩ። በልጅነታቸው በረሃ ወጥተው ጫማና ጥይት ከወንድ እኩል ተካፍለው የኖሩ ሴቶች ቤት ሲመለሱ ጎረቤት የሚጠይቃቸው ለምን ወጥ አትሠሪም ብሎ ነው። በትግል ሜዳ የተጋቡ ጥንዶች ብዙዎቹ በሰላሙ ተለያዩ። ሚስትየዋ ራሷ ወታደር ስትሆን ቤቱን ማን ያቆይላታል የሚለው ጥያቄ ያኔ ነው የተነሣው፤ መልስ ግን አልተሰጠውም።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ተነሣ። እነዚያ የተሰናበቱት፣ «ርዝራዥ» የተባሉት የቀድሞ ሠራዊት አባላት እንደገና ተጠሩ፤ አብራሪው፣ መድፈኛው፣ የታንክ ሰው። ሄዱም። ለሚስቶቻቸው ሁለተኛ መሰናበቻ መሆኑ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የአልጀርስ ስምምነት ሲፈረም በዓለም ባንክ ብድር ሁለተኛ ትልቅ የስንብት ሥራ ተጀመረ፤ ወደ 148 ሺህ ወታደር ደረጃ በደረጃ ተሰናበተ። በዚህኛው ወረቀቱ የተሻለ፣ ገንዘቡ የበረከተ፣ ፖለቲካው የቀለለ ነበር። መሬቱ ግን አልነበረም። በአሥር ዓመት ውስጥ የገጠሩ ወጣት በዝቶ፣ የሚሸነሸነው አልቆ ተመላሹ ከአባቱ ጥማድ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ተካፈለ።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ ከዘማች ጋር ምንም ሳያገናኘው፣ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ለገበሬ ይሰጥ ጀመር። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አለ። ስንት ዓመት «የዘማች መሬት ነው» ስትል የተከራከረች ሴት በመጨረሻ ፊቷ ከመሬቱ ጋር ታተመ።

ሦስተኛው ስንብት የመጣው ከትግራይ ጦርነት በኋላ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፣ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽንም ተቋቋመ። በበርካታ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሲቪል ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ወጣ። ኅዳር 2017 ዓ.ም. መቐለ ላይ ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያው ዙር ከትግራይ 75 ሺህ ታጣቂዎችን ለማሰናበት ነበር የታሰበው። ተመዝጋቢው መሣሪያውን ያስረክባል፣ አጭር የተሃድሶ ሥልጠና ይወስዳል፣ መቋቋሚያ ገንዘብ ይቀበልና ወደ ቤትህ ግባ ይባላል። ከእነሱ መካከል ሲመለሱ የሚገቡበት ቤት የሌላቸው ብዙዎች ናቸው። ሚስትና ልጆቻቸው ከቀያቸው ተፈናቅለው፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር መጋረጃ ለይቷቸው፣ ጥቁር ሰሌዳው ሳይነሣ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ።